የረጋው ማር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ እናቴ ማር ላወራችሁ ነው።

እማዬ ከገበያ የገዛችው ማር በሁለት ወሩ ረጋ። ነጣ፣ ማንኪያ አላስገባ አለ። «ስኳር ነው የሸጠችልኝ» አለች። ነጋዴዋ የብዙ ዓመት ደንበኛዋ ናት። ሄዳ ተጣላቻት። እኔ ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ስኳር ስለካ ነው የምውለው። «ቆይ እስቲ፣ እኔ ልየው» አልኳት።

5 ግራም መዝኜ በውሃ አሟሟሁ፣ አጣራሁ፣ ስኳሮቹን ለያይቶ የሚለካው ማሽን፣ ኤችፒኤልሲ፣ ላይ ጫንኩት። ማሽኑ ናሙናውን አሴቶናይትራይል በሚባል ፈሳሽ ኬሚካልና በውሃ ድብልቅ ውስጥ አድርጎ፣ ኮለም በምንላት ቀጭን ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ያሳልፈዋል። ቱቦዋ ውስጥ የታጨቀው ዱቄት አንዱን ስኳር ቶሎ ይለቃል፣ ሌላውን ያዝ ያደርጋል። ከማር ሁለቱ ዋና ስኳሮች ፍሩክቶስ ይቀድማል፣ ግሉኮስ ይከተላል። ሱክሮስ፣ ያው ሻይ ላይ የምንጨምረው ስኳር፣ ከነሱ በኋላ ነው። ፍሩክቶስና ግሉኮስ እኮ ሁለቱም 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 6 ኦክስጅን ናቸው። የሚለያዩት በአቀማመጥ ብቻ ነው። ቱቦዋ ግን ትለያቸዋለች። ይሄ ነገር ዛሬም ይደንቀኛል።

ስኳር ቀለም ስለሌለው፣ የምናውቀው ፈሳሹ ብርሃንን ምን ያህል እንዳጠፈ በመለካት ነው። መለኪያው የሙቀት ለውጥ አይወድም። በር ሲከፈት እንኳ ስክሪኑ ላይ የሚስለው መስመር ይዛነፋል። ያን ቀን «በሩን ዝጉልኝ!» እያልኩ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ።

ፍሩክቶስ ወጣ፣ ትልቅ ጫፍ። ግሉኮስም ወጣ፣ እሱም ትልቅ። የሱክሮስ ሰዓት ደረሰ። ልቤ ይመታል። መስመሩ ትንሽ ጉብ አለና ተመልሶ ተኛ። ሳሰላው ከመቶ 2 እጅ አልሞላም። ኮዴክስ፣ ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ለአብዛኛው ማር እስከ 5 ይፈቅዳል።

ማሩን ያረጋው የራሱ ግሉኮስ ነው። ግሉኮስ የበዛበት ንጹሕ ማር ቶሎ ይረጋል። ስንቱ ማር አርቢ በዚህ ምክንያት ስሙ እንደጠፋ ሳስበው ያመኛል።

እርግጥ፣ አስቀድሞ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተሰበረ ሽሮፕ ቢገባበት ይሄ ምርመራ ሊያልፈው ይችላል። የበቆሎ ወይም የሸንኮራ ሽሮፕን ለመያዝ የካርቦን አይሶቶፕ፣ ማለትም በክብደት የሚለያዩ የካርቦን ዓይነቶች፣ ምርመራ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእማዬ የነገርኳት ያየሁትን ብቻ ነው። «የሻይ ስኳር አልጨመረችበትም።»

ዝም አለች። ቅዳሜ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ስትመለስ አንድ ኪሎ ማር ይዛለች፣ ከዚያችው ሴትዮ።