ማስተሪንጉ ከተበላሸ ሸክላም ሲዲም አያድነውም

የተከበራችሁ ድምፃውያን፣ አዝማሪዎችና የስቱዲዮ ባለሙያዎች፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከሞጣም፣ ከፍኖተ ሰላምም ተነሥታችሁ ባሕር ዳር ድረስ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

ሸክላ ይበልጣል ወይስ ሲዲ የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማስተሪንጉ እንዴት ተሠራ? ሚክሱ፣ ማለትም የድምፁና የመሣሪያዎቹ ቅልቅል፣ ካለቀ በኋላ የቤዙን መጠን፣ የቀጭኑን ድምፅ ጥራት፣ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነው ይህ የመጨረሻ እጅ ነው።

ሸክላ ባለሙያውን ያስገድደዋል። ቤዝ ሲበዛ መርፌዋ የምትሄድበት ቦይ ይሰፋል፤ በአንዱ ገጽ የሚገባው ደቂቃም ያንሳል። ቤዙ ግራና ቀኝ ከተለያየ መርፌዋ ልትዘል ትችላለች። ስለዚህ ቤዙ መሃል ላይ ይሰበሰባል። ሹል የሆኑት የ«ሰ» እና የ«ሸ» ድምፆችም ይለዝባሉ። ካሴት ላይ ደግሞ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ በቴፑ ሽሽታ ይዋጣል።

ሲዲ በፈረንጆቹ 1982 ሲመጣ ከዚህ ሁሉ ገላገለን። በ16 ቢት (ድምፁ በቁጥር የሚጻፍበት ዝርዝርነት ነው) በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ርቀት ሰጠን። የሚያሳዝነው፣ በተለይ ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ወዲህ ብዙዎች አልተጠቀሙበትም። ዘፈኑ ከሌላው በልጦ እንዲጮህ በሊሚተር፣ ማለትም ከፍ ያለውን ድምፅ በሚገድበው መሣሪያ፣ ይጨፈለቅ ጀመር። አንዳንድ አልበም በሸክላ ሲሰማ የሚጥመው ለሸክላው የተዘጋጀው ማስተር (ከማስተሪንግ የሚወጣው የመጨረሻ ቅጂ) ብዙ ስላልተጨፈለቀ ነው። የተጨፈለቀውን ማስተር በ24 ቢት ብትገዙትም የጠፋው አይመለስም።

የእኛን ሙዚቃ አስቡት። አዝማሪው መሰንቆውን ቀስ አድርጎ እየገዘገዘ ግጥሙን ይጀምራል። የጭራው ፍትጊያ ሳይቀር ይሰማል። ከዚያ ከበሮና ጭብጨባ ሲገባ ትከሻ ራሱ ይነሣል! ያን የሚያስነሣው ልዩነቱ ነው። መሰንቆውንና ከበሮውን እኩል ካስጮህናቸው ዘፈኑን ገደልነው።

ደግሞም ዛሬ መጨፍለቁ ምንም አይጠቅምም። ስፖቲፋይ በመደበኛ አሠራሩ ዘፈኖችን ወደ -14 ሉፍስ (የጩኸት መጠን መለኪያ ነው) ያመጣል። ዩቲዩብም በጣም የሚጮኸውን ይቀንሳል። ጩኸቱ ይወሰዳል፣ ጉዳቱ ይቀራል።

እባካችሁ ሚክሳችሁን ያለ ሊሚተር፣ በ24 ቢት ለማስተሪንግ ስጡ። ለኢንተርኔት የሚወጣው ማስተር የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ ከ-1 ዴሲቤል አይለፍ፤ ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየር እንዳይሰነጠቅ ነው። ሸክላ የምታሳትሙ ካላችሁ ለብቻው ማስተር አሠሩለት። ሁለት ማስተር ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

ከምሳ በኋላ አንዱን ሚክስ በሁለት ዓይነት ማስተር አሰማችኋለሁ። የራሳችሁን ሥራ ማሰማት የምትፈልጉም ፍላሻችሁን ይዛችሁ ኑ።