የምርጫ ሰሞን ሞንታርቦ፦ በቶኪዮ ለሚኖሩ ወገኖች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ወገኖች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ምርጫ በመጣ ቁጥር የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ጋደም ስል መስኮቴ ሥር ሞንታርቦ ይጮሃል፤ ፖሊስ ልጥራ?» ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሆነ አትጥሩ። ምክንያቱንና በምትኩ የሚደረገውን እንናገር።

ጩኸቱ ሕጋዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው የጃፓን የምርጫ ሕግ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ከቅስቀሳ መኪና ላይ ስም መጥራትን ይፈቅዳል። የዴሲቤል ጣሪያ አላስቀመጠም። በትምህርት ቤትና በሆስፒታል አጠገብ ድምፅ እንዲቀንሱ ይጠይቃል እንጂ የመኖሪያ ሰፈርን ለይቶ አይጠብቅም።

«ስማቸውን ብቻ ለምን ይደጋግማሉ?» ለሚለውም መልስ አለ። ቤት ለቤት መቀስቀስ መጀመሪያ በ1925 ተከልክሏል፤ ዛሬም ክልክል ነው። መኪናው እየሄደ ከስም ጥሪ ያለፈ ንግግር ማድረግም አይቻልም፤ ሐሳቡን ሊያስረዳ የፈለገ ይቆማል። መራጩ ደግሞ በአብዛኛው የተወዳዳሪውን ስም በእጁ ይጽፋል፤ ስሙን ካላስታወሰ ድምፁ ባከነ ማለት ነው። እንግዲህ ሌላው በር ሲዘጋ የቀረው ሞንታርቦ ነው። ጥፋቱ ከተወዳዳሪዎቹ ይልቅ የሕጉ ነው ብለን እናምናለን።

የቅስቀሳው ዕድሜ እንደ ምርጫው ይለያያል፦ ለወረዳ ምክር ቤት 7 ቀን፣ ለቶኪዮ ምክር ቤት 9፣ ለታችኛው ምክር ቤት 12፣ ለላይኛውና ለአገረ ገዢ 17። ረጅሙ ግን ከባዱ አይደለም። የቶኪዮን የካትሱሺካ ወረዳ ውሰዱ። የወረዳው ምክር ቤት 40 መቀመጫ አለው፣ ወረዳው በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው፣ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ መኪና ይፈቀዳል። ስለዚህ ከ40 በላይ መኪኖች በ7 ቀን ውስጥ ያንኑ ጠባብ መንገድ ይመላለሱበታል። ፈቃድ መውሰድ የምትችሉ ለዚያ ሳምንት ውሰዱ፤ በተለይ ለመጨረሻው ቅዳሜ።

ለእንቅልፍ የሚረዳው እንዲህ ነው። የሰው ድምፅ ከቀንድ ድምፅ ማጉያ ሲወጣ የሚያይለው መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ይህን የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ በደንብ ይይዘዋል። የማይሠራላችሁ ብዙ ጊዜ ሳታጠብቁ ስለምትከቱት ነው። በጣቶቻችሁ አሽታችሁ አቅጥኑት፣ በሌላው እጅ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ፣ ካስገባችሁ በኋላ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል ያዙት። ደወል ስለማይሰማችሁ የሚንቀጠቀጥ ሰዓት አንጓ ላይ እሰሩ። በመስኮቱ ፍሬም ዙሪያ ያለውን ክፍተት በስፖንጅ ቴፕ ድፈኑ፤ ድምፅ አየር በሚገባበት ሁሉ ይገባል። መጋረጃ ብቻውን እምብዛም አይጠቅምም።

ካልሆነ ስልክ አለ። ስሙ መኪናው ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ የቢሮውን ቁጥር በስሙ ፈልጋችሁ በትሕትና እንዲህ በሉ፦ «ያኪን ዴ ሂሩማ ኔቴ ኢማስ። ኦንሪዮ ዎ ሳጌቴ ኢታዳኬማስ ካ።» ቀን እንደምትተኙና ድምፁን እንዲቀንሱ መጠየቃችሁ ነው። መንገዱን ጭምር ንገሯቸው። የጎረቤት ቅሬታ የመራጭ ድምፅ ያሳጣናል ብለው ስለሚፈሩ ብዙዎቹ ይሰማሉ። የወረዳው የምርጫ ኮሚሽን ግን በተፈቀደው ሰዓት ዝም ሊያሰኛቸው አይችልም፤ መልእክት ያደርሳል እንጂ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወይም ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ከጮኹ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ስሙን መዝግባችሁ ለኮሚሽኑ ወይም ለፖሊስ አሳውቁ። በነገራችን ላይ፣ በመስኮት እጅ አታውለብልቡ፤ ደጋፊ መስሏቸው በሞንታርቦ ያመሰግኗችኋል።

አሁን ወደ አደገኛው እንምጣ። መኪናውን መንገድ መዝጋት፣ ቀስቃሹን መግፋት፣ ፖስተር መቅደድ የምርጫ ነፃነትን ማደናቀፍ ነው፤ እስከ 4 ዓመት እስር ወይም እስከ 1 ሚሊዮን የን ያስቀጣል። በየመንገዱ የሚተከለውን የፖስተር ሰሌዳ ልጆቻችሁ እንዳይነኩት አስጠንቅቁ። የውጭ ዜጋ ለፖለቲከኛ ገንዘብ መስጠት አይችልም፤ በዕቁብ ጓደኛ ቢጠየቅም እንኳ። «ቀስቅስልን፣ የቀን እንከፍልሃለን» ቢሏችሁም አትግቡበት። ክፍያ የሚፈቀደው አስቀድመው ለተመዘገቡ እንደ መኪና ላይ ተናጋሪዎች ላሉ ጥቂቶች ነው፤ ከዚያ ውጭ እንደ ጉቦ ይቆጠራል፣ ተቀባዩም ይጠየቃል።

ሐሳብ መግለጽስ? በ1978 የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ሰልፍ በወጣው አሜሪካዊ መምህር በማክሊን ጉዳይ ሲፈርድ፣ የውጭ ዜጎች የፖለቲካ እንቅስቃሴ ነፃነት በአገሪቱ የፖለቲካ ውሳኔ ላይ ተጽዕኖ ከሚያሳድረው በስተቀር የተጠበቀ ነው አለ። ያም ሆኖ የቪዛ እድሳት ሲወሰን ያ ተግባር ሊታይ ይችላል ብሎ እድሳቱ መከልከሉን አጸናው። ቪዛችሁ በየዓመቱ የሚታደስ ከሆነ ይህን ሳታስቡ ከቅስቀሳ መኪና ጋር እሰጥ አገባ አትግቡ።

አገር አቀፉ የአካባቢ ምርጫ ቀጣዩ በኤፕሪል 2027 ነው፤ የወረዳዎቹ ተራ በወሩ ሁለተኛ ዙር ይመጣል። ካትሱሺካ ግን የራሷን በኖቬምበር ስለምታካሂድ በኤፕሪሉ አትቆጠርም። የፈረቃ ሠንጠረዥ የሚያወጡ አለቆቻችሁን ከአንድ ወር በፊት አነጋግሩ። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካለ እንቀበላለን።