ክንፎቹ ሲቀሩ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም የማወራችሁ ከሰንዳፋ ነው። ቤታችን ለደሴ መንገድ ቅርብ ስለሆነ የከባድ መኪና ድምፅ ጣልቃ ቢገባ ይቅርታ።

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር። አንድ ታጣቂ ኃይል ተከፋፈለ፣ ወይም በየአካባቢው ክንፍ አወጣ ሲባል "እንግዲህ ተዳከሙ" ብለን እናልፈዋለን። የራሳችን ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚለው። ለጦርነቱ ሲባል የተበጀ ክንፍ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አገር ሲያስተዳድር አይተናል።

ኢሕዴንን፣ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን፣ ውሰዱ። ደርግን ይታገል የነበረው የኢሕአፓ ፓርቲ ሠራዊት መነሻው ትግራይ ውስጥ ያለው አሲምባ ተራራ ነበር። በ1970 ከትግራዩ ድርጅት ከሕወሓት ጋር ተዋግቶ ተሸነፈና ከትግራይ ወጣ። ከዚያ ሠራዊት የተነጠሉ ታጋዮች ናቸው ኅዳር 1973 ኢሕዴንን የመሠረቱት። ያኔ ኅብረ ብሔራዊ ድርጅት ነበር፤ የአንድ ብሔር ነኝ አላለም። ስሙን ቀይሮ ብአዴን፣ ማለትም ብሔረ አማራ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ፣ የሆነው በ1986 ነው። ደርግ ከወደቀ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው! ውጊያው አልቆ፣ ክልሎች ተዋቅረው፣ ለአማራ ክልል ገዥ ድርጅት ባስፈለገበት ሰዓት። ይህንን ደጋግሜ አስበዋለሁ።

የኦሕዴድ፣ የኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት፣ ደግሞ ይብሳል። እዚህ ዕድራችን ውስጥ ጋሽዬ የምንላቸው የበቾ ሰው አሉ። የደርግ ወታደር ነበሩ፤ የካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ሲደመሰስ ተማረኩ። ምርኮኞቹ ካሉበት አንድ ቀን አንድ ታጋይ መጣና ኦሮምኛ የሚናገር በዚህ፣ ሌላው በዚያ አለ። ጋሽዬ ከአንድ የጎጃም ልጅ ጋር ምሽግ ውስጥም አብረው ነበሩ። የነበራቸው ብርድ ልብስ አንድ ብቻ ነው። "ምን እናድርግ፣ ለሁለት ቀደድነው" አሉኝ። ልጁን ከዚያ በኋላ አላገኙትም።

በቋንቋ የመለየቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ሕወሓት ወደ መሀል አገር እየገፋ ነበር፣ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) ጋር ደግሞ መግባባት አልቻለም። ስለዚህ ኦሮሞ ውስጥ የሚገባበት ድርጅት ያስፈልገው ነበር። ኦሕዴድ በ1982 ተመሠረተ፤ አባላቱ በብዛት እንደ ጋሽዬ ያሉ ምርኮኞች ነበሩ። በዓመቱ፣ ግንቦት 20 ቀን 1983፣ አዲስ አበባ ተያዘች። ኦነግ በ1984 ከምርጫውም ከሽግግር መንግሥቱም ሲወጣ ኦሮሚያ በኦሕዴድ እጅ ቀረች። በ2012 እነዚህን ድርጅቶች ያቀፈው ግንባር ኢሕአዴግ ቀርቶ ብልፅግና ሲመሠረት፣ ከተዋሐዱት መካከል እነዚያው ክንፎች ነበሩ፤ ከግንባሩ አባላት ሕወሓት ብቻ አልገባም አለ።

እንግዲህ ዛሬን በዚህ ዓይን እዩት። ኦነግ በ2010 አስመራ ላይ ተስማምቶ አመራሩ አገር ገባ፤ ጫካ የቀረው ክንፍ ግን ተነጥሎ ራሱን የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት አለ፣ መንግሥት ደግሞ ሸኔ ይለዋል። ታንዛኒያ ላይ ሚያዝያ 2015 እና ኅዳር 2016 ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ሳይስማሙ ተለያዩ። ኅዳር 2017 ላይ በጃል ሰኚ ነጋሳ የሚመራው ወገን ከኦሮሚያ ክልል ጋር ተፈራረመ፤ የጃል መሮ ወገን አልፈረመም። አማራ ክልል ውስጥም የክልሉ ልዩ ኃይል ይፍረስ ከተባለበት ከ2015 ወዲህ መንግሥትን የሚዋጋው ፋኖ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በሸዋ ለየብቻ እየተደራጀ፣ ደግሞም አንድ ልሁን እያለ ዓመታት አለፉ።

እኔ የማንም ጠበቃ አይደለሁም። የሚያሳስበኝ ከአንዱ ክንፍ ጋር ብቻ ተፈርሞ ሰላም ወረደ መባሉ ነው። የፈረመው ሹመት ያገኛል፣ ያልፈረመው መንገድ ይዘጋል። የእኛ ሰፈር ሾፌር ደብረ ብርሃን ደርሶ ለመመለስ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ስልክ ደውሎ "መንገዱ ሰላም ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ተደራዳሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ፣ እባካችሁ፣ የቀሩትን ክንፎች አምጥተው ያስቀምጡልን።