አንድ ጆሮ ብቻ ሲደክም ዝም አንበል
ጎንደር ላይ ለተሰበሰቡ የጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶች፣ ሐኪሞችና ተማሪዎች፤ ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከቆላ ድባና ከማክሰኝት የመጣችሁ ባልደረቦቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እዚህ ጎንደር ሲከፈት፣ ታስቦ የነበረው በሽታን ሕዝቡ ባለበት ጤና ጣቢያ ላይ መለየት ነበር። ዛሬ የምናገርለት በሽታ፣ የመስማትና የሚዛን ነርቭ ዕጢም፣ መጀመሪያ የሚገኘው፣ ወይም የሚታለፈው፣ እዚያው ጤና ጣቢያ ላይ ነው።

ይህ ዕጢ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ አካልም አይሰራጭም። የሚነሣው ነርቩን ከሚሸፍኑት የሽዋን ሴሎች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሚዛን ክፍሉ ላይ ነው። ካደገም በአማካይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዓመታት ባለበት የሚቆይም ብዙ ነው። ጊዜ አለን ማለት ነው። ጊዜውን የምናባክነው እኛ ነን!

ከደምቢያ የመጣ የ45 ዓመት ገበሬ እናስብ። ስልክ ሲደወልለት ሁልጊዜ ወደ ግራ ጆሮው ይወስደዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሱም ልብ አላለውም። ሰንበቴ ላይ ሰው ሲበዛ ድምፁ ይሰማዋል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም። ቀኝ ጆሮው ይጮህበታል። ሲመሽ ከማሳ ሲመለስ ያንገዳግደዋል። እኛ ጆሮውን እናያለን፤ ኩክ የለም፣ መግል የለም፣ ታምቡሩ ንጹሕ ነው። እና ምን እንሰጠዋለን? ጠብታ! ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ጠብታ። በሦስተኛው «አባቴ፣ ዕድሜ ነው» ብለን እንሸኘዋለን። ወገኖቼ፣ ዕድሜ የሚያደክመው ሁለቱንም ጆሮ ነው፤ አንዱን መርጦ አይደለም! ጠብታም ደህና ታምቡር አልፎ ነርቭ ጋ አይደርስም! ታምቡሩ ንጹሕ ሆኖ አንድ ጆሮ ብቻ የደከመበት ሰው ሳይመረመር በጠብታ መሸኘት የለበትም።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ 512 ኸርዝ የሆነ ቱኒንግ ፎርክ፣ ማለትም ሲመታ የሚጮህ ባለ ሁለት ጣት ብረት ነው። ጠረጴዛ ላይ አትምቱት፤ ተጨማሪ ድምፆች ያወጣና ውጤቱን ያበላሻል። ክርናችሁ ወይም ጉልበታችሁ ላይ ምቱት። የፎርኩን እግር የታካሚው ግንባር መሐል አድርጉና «የት ጎልቶ ይሰማሃል?» በሉት። ችግሩ ከነርቭ ከሆነ በደህናው ጆሮ ይጎላል፤ በኩክ ወይም በመሐል ጆሮ ችግር ከሆነ ግን በታመመው በኩል። ቀጥሎ ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ላይ፣ ከዚያ በጆሮው ደጃፍ ያዙለት። ነርቭ ሲደክም በአየር የሚመጣው ከአጥንቱ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጆሮው ጨርሶ ከደነቆረ፣ አጥንቱ ላይ ያደረጋችሁትን ድምፅ ማዶ ያለው ደህናው ጆሮ ይሰማዋል። ታካሚው «አጥንቱ ይበልጣል» ይላል፤ እናንተም የመሐል ጆሮ ሕመም ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ የግንባሩን ምርመራ አትዝለሉ።

ቀጥሎ ኦዲዮግራም፣ ማለትም እያንዳንዱ ጆሮ ምን ያህል እንደሚሰማ የሚለካው ምርመራ ነው። መስፈርቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ሁለቱ ጆሮዎች በተከታታይ ሁለት የድምፅ ድግግሞሾች ላይ በ15 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩ ኤምአርአይ ይታዘዝ። ከእነዚህ ሰዎች ዕጢ የሚገኝባቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ግን በእርግጠኝነት የምንለይበት ሌላ መንገድ የለም። ሲቲ ስካን ትንንሾቹን ያልፋቸዋል፤ «ሲቲው ንጹሕ ነው» ማለት ዕጢ የለም ማለት አይደለም። ወረቀቱ ላይ «የጭንቅላት ኤምአርአይ» ብቻ አትጻፉ! የትኛው ጆሮ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ የኦዲዮግራሙን ውጤት፣ የውስጥ ጆሮ ቦይ በስስ ቁርጥ፣ ከጋዶሊኒየም (ዕጢውን አጉልቶ ከሚያሳየው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) ጋር ብላችሁ ጻፉ። በወፍራም ቁርጥ የተነሣ ፎቶ 5 ሚሊ ሜትር ዕጢ ሊያመልጠው ይችላል፤ ታካሚው ያን ገንዘብ የሚያወጣው ደግሞ በሬውን ሸጦ ነው።

መስማት በድንገት ከጠፋ ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት በቶሎ ይጀመር፤ መስማቱ ቢመለስ እንኳ ኤምአርአዩ አይቀርም። ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የፊት መደንዘዝ ከተጨመረ ዕጢው አንጎል ግንድን ተጭኖ ወይም የአንጎል ፈሳሽ መውረጃን ዘግቶ ሊሆን ይችላልና በአስቸኳይ ይላክ። በሁለቱም በኩል ዕጢ ከተገኘ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰቡን ጠይቁ።

ሕክምናው ሦስት መንገድ አለው። ትንሽ ከሆነ ክትትል ነው፤ ከ6 ወር በኋላ ኤምአርአይ፣ ከዚያ በየዓመቱ። ዕጢው ሳያድግም መስማት ሊቀንስ ይችላል፤ መስማት ሳይቀንስም ዕጢው ሊያድግ ይችላልና ቀጠሮውን በጆሮው ሁኔታ አትሰርዙ። ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነው ያነጣጠረ ጨረር አለ፤ ዕድገቱን ያስቆማል እንጂ ዕጢውን አያወጣም። ለትልቁ ቀዶ ሕክምና ነው። የፊት ነርቭ ዕጢው ላይ ተለጥጦ ስለሚያልፍ ሊጎዳ ይችላል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ታካሚው ወደ እናንተ ይመለሳል። ዓይኑ የማይከደን ከሆነ ቀን ሰው ሠራሽ እንባ፣ ማታ ቅባት አድርጉለት፤ ሲተኛም ቆቡን በፕላስተር ዝጉለት። ከአፍንጫው ወይም ከቁስሉ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፤ ማጅራት ገትር ሳያስከትል በዚያው ቀን ይላክ።

ፎርኮቹ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ከግንባሩ ጀምሩ። አመሰግናለሁ።