ማታ የሚዘጋው በር፦ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ቁርሾ በሰሜን አየርላንድ

[ምስል፦ ምሽት። ትልቅ የብረት በር አስፋልቱን አቋርጦ ይዘጋል።]

የምታዩት ቤልፋስት ነው፣ የሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ። መንገዱ ላናርክ ዌይ ይባላል። ቀን ቀን መኪናውም እግረኛውም ያልፍበታል። ሲመሽ በሩ ይዘጋል።

ከበሩ ወዲህ ሻንኪል አለ፣ የፕሮቴስታንቶች ሰፈር። ከበሩ ወዲያ ስፕሪንግፊልድና ፎልስ፣ የካቶሊኮች ሰፈር። በመሃላቸው ከቤት ጣሪያ በላይ የወጣ ግንብ ቆሟል። "የሰላም ግንብ" ይሉታል። ነገሩ የተጀመረው በ1969 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምነግራችሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ያኔ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ "ለጊዜው ብቻ ነው" ብሎ ነበር። ይኸው ከ50 ዓመት በላይ ሆነው።

ሁለቱም ወገን ክርስቲያን ነው። ሁለቱም "አባታችን ሆይ" ብሎ ይጸልያል። ታዲያ ይሄን ግንብ ምን አመጣው? ብዙ ጊዜ "የሃይማኖት ጠብ ነው" ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ታሪኩን በተከታተልኩ ቁጥር የሚወስደኝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ወደ መሬትና ወደ ቤት ነው።

[ምስል፦ የአየርላንድ ካርታ፤ ሰሜኑ ክፍል በቀለም ይለያል።]

የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1534 ከሮም ተለየ። አየርላንድንም የሚገዛው እሱ ነበር። የአየርላንድ ሕዝብ ግን በአብዛኛው ካቶሊክ እንደሆነ ቀረ። እስከዚህ ድረስ ልዩነቱ የእምነት ነው።

መሬት የገባበት በኋላ ነው። በ1607 በሰሜን፣ አልስተር በሚባለው ግዛት፣ የነበሩት ትልልቅ የካቶሊክ ባላባቶች አገር ጥለው ሸሹ። መንግሥት ርስታቸውን ወረሰ። ከ1609 ጀምሮ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ለመጡ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች አከፋፈለው። ርስት መነቀል ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙው ካቶሊክ በአያቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ።

በ1641 ካቶሊኮቹ ተነሱ። ፖርታዳውን በምትባል ከተማ 100 የሚሆኑ ፕሮቴስታንቶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ባን ወንዝ ውስጥ ተጥለው እንዲሰጥሙ ተደረገ። በ1649 ደግሞ ኦሊቨር ክሮምዌል ከእንግሊዝ ጦር ይዞ መጣ። ድሮጌዳና ዌክስፎርድ በሚባሉ ከተሞች ሺዎች ተጨፈጨፉ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። እዚህ አገር ሁለቱም ወግተዋል፣ ሁለቱም ተወግተዋል። ለልጅ የሚነገረው ግን የተወጉበት ቀን ብቻ ነው። አንዱ ቤት ስለ ፖርታዳውን ወንዝ ይተረካል፤ ሌላው ቤት ስለ ድሮጌዳ። ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው። ለዚህ ነው ቁርሾውን መንቀል የከበደው። ውሸት ቢሆን ኖሮ በማስረጃ ይረታ ነበር።

[ምስል፦ የደሪ ከተማ አሮጌ ቅጥር።]

የዚህችን ከተማ ስም እንኳ ተስማምተው አይጠሩትም። ካቶሊኩ ደሪ ይላታል። ብዙው ፕሮቴስታንት ለንደንደሪ ይላታል፤ የሰፈራው ገንዘብ ከለንደን ነጋዴዎች ስለመጣ የተጨመረ ስም ነው። በ1688 መጨረሻ የእንግሊዙ ካቶሊክ ንጉሥ የጄምስ 2ኛ ወታደሮች ሲቃረቡ 13 ተለማማጅ ልጆች የከተማዋን በር ዘጉ። በማግስቱ ዓመት ከበባው 105 ቀን ዘለቀ። ሕዝቡ የፈረስና የውሻ ሥጋ በላ። እጅ ለመስጠት ያሰበው አዛዥ ሮበርት ለንዲ ይባላል። እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዲሴምበር ምስሉ ተሰቅሎ ይቃጠላል።

በ1690 የጄምስን ዙፋን የወሰደው ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊልያም በቦይን ወንዝ ጦርነት ጄምስን ድል አደረገ። ያ ድል በየዓመቱ ጁላይ 12 በከበሮና በሰልፍ ይከበራል። በዋዜማው ማታ በየሰፈሩ የእንጨት ክምር ይነዳል። በ2022 ላርን ከተማ የተከመረው ከ60 ሜትር በላይ ነበር። ደመራ ለምናውቅ ሰዎች እሳቱ በራሱ እንግዳ አይደለም። የሚከብደው በአንዳንዶቹ ክምር አናት ላይ የጎረቤት ባንዲራ ተሰቅሎ አብሮ መቃጠሉ ነው።

ከድሉ በኋላ የወጡት ሕጎች ካቶሊኩን ከፓርላማ፣ ከመሣሪያ፣ መሬት ከመግዛት አገዱት። አንዱ ሕግ ካቶሊክ ዋጋው ከ5 ፓውንድ በላይ የሆነ ፈረስ እንዳይኖረው ይከለክላል። እስቲ አስቡት። በእጅህ ያሳደግከው ጥሩ ፈረስ አለህ። አንድ ፕሮቴስታንት መጥቶ 5 ፓውንድ ገደማ አስጨብጦህ ልጓሙን ይዞ ይሄዳል። ሕጉ ከሱ ጋር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ልጅ ይነገራል።

[ምስል፦ የ1921 ድንበር በካርታው ላይ ይሰመራል።]

አየርላንድ በ1921 ተከፈለች። ደቡቡ ወደ ነጻነቱ ሄደ። በሰሜን ያሉት ስድስት ወረዳዎች ከብሪታንያ ጋር ቀሩ። በሰሜኑ ፕሮቴስታንቱ በቁጥር ይበልጥ ነበር፤ በመላው ደሴት ግን አናሳ ነው። ይሄ መዘንጋት የለበትም፤ የፍርሃቱ ምንጭ እዚህ ነው። በደቡብ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሲጋቡ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጆቹ ካቶሊክ ሆነው እንዲያድጉ ቃል ታስገባ ነበር። የደቡቡ ፕሮቴስታንት በየትውልዱ እየሳሳ ሄደ። የሰሜኑ ያንን አይቶ "እኛም እንጠፋለን" አለ።

የፈራ ሰው ደግሞ ሥልጣን ሲይዝ አይላላም። በሰሜኑ የአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ባለቤት ወይም ተከራይ የሆነና የትዳር ጓደኛው ብቻ ነበር። ስለዚህ የቀበሌ ቤት መስጠት ማለት ድምፅ መስጠት ነው። ደሪ ውስጥ ካቶሊኩ በቁጥር ብዙ ነበር። የምርጫ ክልሉ ግን ሆን ተብሎ ስለተሸነሸነ ምክር ቤቱ ውስጥ 12 ወንበር ለፕሮቴስታንቱ ወገን፣ 8 ለካቶሊኩ ሆኖ ኖረ።

በጁን 1968 ካሌደን በምትባል ትንሽ መንደር ልጆች ያሏት የካቶሊክ ቤተሰብ ከመንግሥት ቤት በግድ ተባረረች። ጎን ያለው ቤት የተሰጠው ላላገባች የ19 ዓመት ፕሮቴስታንት ነበር። ኦስቲን ከሪ የተባለው የፓርላማ አባል እዚያ ቤት ገብቶ ቁጭ አለ። ፖሊስ ጎትቶ አወጣው። የቴሌቪዥን ካሜራ ደግሞ ነበር። የመብት ሰልፎቹ እየተቀጣጠሉ የሄዱት ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ተራ ቤት ናት፣ ቁልፏን ማን ይያዝ ነው ጥያቄው።

ቀጥሎ የመጣው የ30 ዓመት ግጭት ከ3,500 በላይ ሰው በላ። ጃንዋሪ 30፣ 1972 ደሪ ውስጥ የእንግሊዝ ወታደሮች በሰልፈኛ ላይ ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፤ አንድ ቁስለኛ በኋላ ሞተ። በዚያው ዓመት ጁላይ 21 ሰሜኑን ከደቡቡ ለማዋሃድ በመሣሪያ ይታገል የነበረው የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር ቤልፋስት ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ገደማ ቦምብ አፈንድቶ 9 ሰው ገደለ። የመጀመሪያው "ደም ያፈሰሰው እሑድ" ይባላል፤ ሁለተኛው "ደም ያፈሰሰው ዓርብ"። የእሑዱ ሟቾች ቤተሰብ የብሪታንያ መንግሥትን ይቅርታ የሰማው በ2010 ነው። 38 ዓመት። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ስንት እናት ያንን ቃል ሳትሰማ እንደሞተች ሳስብ ልቤ ይነካል።

በኤፕሪል 1998 የስቅለት ዓርብ የሚባለው የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በሕዝበ ውሳኔ 71 በመቶ ደገፈው። ጦርነቱም ቆመ፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

[ምስል፦ ጠባብ የሰፈር መንገድ፣ አርዶይን፣ ሰሜን ቤልፋስት።]

ስምምነቱ ከተፈረመ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ እዚህ መንገድ ላይ የሆነውን ላሳያችሁ። ሆሊ ክሮስ የካቶሊክ ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ዋናው መንገዱ በፕሮቴስታንት ሰፈር ያልፋል። ትንሾቹ ተማሪዎች ገና 4 ዓመታቸው ነው። ነዋሪዎቹ መንገዱ ዳር ተሰልፈው ይሰድቧቸው ጀመር። ድንጋይ ተወረወረ። አንድ ቀን የእጅ ሥራ ቦምብ ፈነዳ። ፖሊስና ወታደር ግራና ቀኝ ጋሻ ደርድሮ መተላለፊያ ሠራ። ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው፣ የእናታቸውን እጅ ጨብጠው፣ እያለቀሱ በመሃል አለፉ። ተቃዋሚዎቹ "ከዚያ ማዶ ቤታችን በድንጋይ ይደበደባል፣ ሰፈራችን እየጠበበ ነው" ይሉ ነበር። ቅሬታቸው መሠረት አልነበረውም አልልም። ግን ያንን የ4 ዓመት ሕፃን ላይ መወጣት በምንም አይገባም።

ትምህርት ቤት ካልኩ አይቀር፣ ዛሬም አብዛኛው ልጅ የሚማረው ከራሱ ወገን ልጆች ጋር ነው። ሁለቱን አብሮ ለማስተማር የተከፈተው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት፣ ላገን ኮሌጅ፣ በ1981 በ28 ተማሪ ጀመረ። ዛሬም በእንደዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት የሚማረው ከ10 ልጅ አንድ እንኳ አይሞላም። ተለያይቶ መማር አንደበት ላይ ሳይቀር ይታያል። እኛ "ኤች" የምንላትን የእንግሊዝኛ ፊደል ፕሮቴስታንቱ እንደኛው ይጠራታል፤ ካቶሊኩ "ሄች" ይላል። ሳትጠየቅ ማንነትህ በአንዲት ፊደል ይታወቃል።

አሁን ሚዛኑም እየተገለበጠ ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ከካቶሊክ ቤተሰብ የመጣው 45.7 በመቶ፣ ከፕሮቴስታንትና ከሌሎች ክርስቲያኖች የመጣው 43.5 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ብዙኃን ነን ብሎ የኖረው ወገን ዛሬ ቁጥሩን የሚያነበው በድንጋጤ ነው። ብሬግዚት፣ ማለትም ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ፣ ደግሞ በሰሜን አየርላንድና በተቀረው ብሪታንያ መሃል የዕቃ ቁጥጥር አመጣ። በኤፕሪል 2021 ወጣቶች መጀመሪያ ያሳየኋችሁ በር ጋ ወጡ። ከግንቡ በሁለቱም በኩል። አውቶቡስ ተቃጠለ፣ ቤንዚን ጠርሙስ ተወራወሩ። ብዙዎቹ ስምምነቱ ሲፈረም ገና አልተወለዱም።

[ምስል፦ ቦምቤይ ጎዳና፣ ከፎልስ አጠገብ።]

መንግሥት ግንቦቹን በ2023 አፈርሳለሁ ብሎ ነበር። አልፈረሱም። ይቺ ጎዳና በኦገስት 1969 የተቃጠለችው ናት። ቤቶቹ እንደገና ተሠርተዋል። ግንቡ ከጓሯቸው ጀርባ ነው። ከላይ ድንጋይ እንዳይወድቅባቸው ጓሮውን በሽቦ ወንፊት እንደ ጎጆ ሸፍነውታል። ከሽቦው ሥር ልብስ ተሰጥቷል፣ የልጅ ብስክሌት ተደግፏል።