እቁቡ ወጣላችሁ፤ ብሩስ የት ይግባ?

(ምስል፦ ሲኒ ውስጥ የተጠቀለሉ ትናንሽ ወረቀቶች። አንድ እጅ ሲኒውን ይነቀንቃል።)

እሑድ ከሰዓት ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ 12 ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ጸሐፊው ደብተሩን ከፍቷል። ዳኛው ሲኒውን ነቅነቅ አደረገና ለባለሱቁ ትንሽ ልጅ ዘረጋለት። ልጁ አንዷን ወረቀት መዘዘ።

የአክስቴ ስም ወጣ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች። ወዲያው ዞር ብላ በጆሮዬ፣ "አንተ ልጅ፣ የተማርክ ነኝ ትላለህ አይደል? 60 ሺህ ብር ምን ይደረጋል?"

ይህን ቪዲዮ የሠራሁት ለዚያ ጥያቄ ነው። በዚያን ቀን በደንብ አልመለስኩላትም።

(ምስል፦ የእቁብ ደብተር፣ 12 ስም፣ ሦስቱ ላይ ምልክት።)

መጀመሪያ ስለ ብሩ ራሱ እንነጋገር። እቁቡ በወር 5 ሺህ ነው፤ 12 ሰው፣ 60 ሺህ። አክስቴ የደረሳት በ3ኛው ዙር ነው። እስካሁን የከፈለችው 15 ሺህ ብር ብቻ ነው። ከእጇ ላይ ካለው 60 ሺህ ውስጥ 45 ሺው የሌሎቹ ነው፤ በሚቀጥሉት 9 ወራት ትመልሰዋለች። እንግዲህ ጮቤ ከመርገጣችን በፊት ይቺን እናስብ። ቀድሞ የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል። መጨረሻ የሚወጣለት ሰው ያለ ወለድ አበድሯል።

የመጨረሻው ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ይጎድልበታል። የዕቃ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ቢጨምር፣ ከመጀመሪያው ዙር 11 ወር ቆይቶ የሚቀበለው 60 ሺህ በመጀመሪያው ዙር 51 ሺህ ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው የሚገዛለት። ማንም አልሰረቀውም። ዳኛውም ሐቀኛ ነው። ጊዜ ወሰደው። ሰው እቁቡን ለሌላ የሚሸጠው፣ "እኔን አስቀድሙኝ፣ ቸግሮኛል" ብሎ የሚለምነው በከንቱ አይደለም። ተራ ዋጋ አለው።

እቁብ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ብር አያፈራም፤ ግን ሰው እንዲቆጥብ ያስገድዳል። በባንክ ደብተር ቢሆን በሁለተኛው ወር ይቆም የነበረ ቁጠባ፣ ጎረቤት ፊት ማፈር ስላለ ብቻ 12 ወር ይዘልቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

(ምስል፦ ቁጥር 7 በመቶ፣ ጎኑ የጤፍ ኩንታል።)

አክስቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ "ባንክ ባስቀምጠውስ?" ብላ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በ7 በመቶ 60 ሺህ ብር በዓመት 4,200 ብር ይወልዳል፤ ከእሱም ላይ ግብር ይቆረጣል። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ገባ፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ሞባይል፣ ዘይት፣ የመኪና ጎማ ሁሉ ተከትሎት ወጣ። ባንክ ያለው ብር ግን አንዲት ሳንቲም አልጎደለም። ደብተሩ ላይ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ባንክ ብር ማሳደጊያ ሳይሆን ብር ማሳደሪያ ነው ብላችሁ ያዙት። ማሳደሪያም ያስፈልጋል። በሰላሙ ቀን ነገ ለምፈልገው ብር ከባንክ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚባልም አለ፤ ባንኩ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይሸፍናል።

"ወለድ አልበላም" ለሚሉ፣ በእኛ ከተማ ደግሞ ብዙ ነን፣ ከወለድ ነጻ መስኮት በየባንኩ አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑ ባንኮችም ተከፍተዋል። እዚያ ስትሄዱ አንድ ነገር ለዩ። ወዲዓ በአደራ ማስቀመጥ ነው፤ ትርፍ አትጠብቁበት። ሙዳረባ ግን ባንኩ በብራችሁ ነግዶ ትርፉን በስምምነት የምትካፈሉበት ነው። ሁለቱን ሳይለዩ "ምንም አልጨመረልኝም" ብለው የሚያማርሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሒሳባቸው ወዲዓ ነበር።

(ምስል፦ የተዘጋ የባንክ በር።)

ትንሽ ብር ቤት ውስጥ አስቀምጡ ስል አንዳንዱ ይስቅብኛል። የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ግን አይስቅም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። በሒሳቡ መቶ ሺህ ያለው ሰው ለአንድ ኪሎ ሽሮ ሰው ደጅ ቆመ። እኔ ከዚያ ወዲህ የሁለት ሳምንት አስቤዛ የሚሸፍን ብር ከቤት አይጠፋኝም። ያ ብር እንዲያድግ አልፈልግም። እንዲኖር ብቻ ነው የምፈልገው።

ቅሬም እዚህ ጋ ይገባል። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። በወር የምትከፍሉት ትንሽ መዋጮ ኢንሹራንስ ማለት ነው፤ ሞት ሲመጣ በግ እንዳትሸጡ ያደርጋችኋል። መዋጮውን ትታችሁ በዚያ ብር "ልነግድበት" የምትሉ ካላችሁ፣ ኧረ ተዉ።

(ምስል፦ በግ ተራ። ሰውየው የበጉን ወገብ በእጁ ይጫናል።)

አሁን ወደምወደው ክፍል እንምጣ። አክስቴ ሐሳቧ በግ ላይ ነው። "ለአረፋ አደልባለሁ" አለችኝ። የወሎ ሰው አክሲዮን ገበያው ይሄ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ። አሁን በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ተከተሉኝ።

በጉ 12 ሺህ ተገዛ እንበል። ከሦስት ወር በኋላ 17 ሺህ ተሸጠ። "5 ሺህ አተረፍኩ!" ይባላል። ፉርሽካው፣ ፋጉሎው፣ ድርቆሹ፣ አሞሌው 2,800 ወጣ። ደላላና ማመላለሻ 500። የቀረው 1,700 ብር ነው። ከመጥፎ አይቆጠርም፤ በሦስት ወር ከ10 በመቶ በላይ ነው፣ የባንኩን ሩቅ ጥሎታል። ግን ጠዋት ጠዋት የምትነሳው አክስቴ የራሷን ጉልበት አልቆጠረችም። በጉም ሊታመም ይችላል። አንድ በግ ብቻ ካላችሁና እሱ ከሞተ፣ 12 ሺውም አብሮ ሄደ።

ሌላም አለ። ለአረፋ ያደለበው ሁሉ የሚሸጠው በዚያው ሳምንት ነው። ገዢ ይበዛል ተብሎ ሲጠበቅ ሻጭ ይበዛል። በበዓሉ ዋዜማ ማታ፣ ዝናብ እያካፋ፣ በግ ይዞ የቆመ ሰው ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ሰው ዋጋ አይጠራም። የጠሩለትን ይቀበላል።

ይህ ነገር ከባድ ሲሆን ምን እንደሚመስል ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ ሲገባ የብዙ ሰው ሀብት ከብት ነበር። ድርቁ ከብቱን ገደለ። የተረፈውን ሁሉም ባንድ ጊዜ ገበያ አወጣው፤ አንድ በሬ የሚለውጠው እህል አነሰ። ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ያን ረሃብ ሲያጠና ያስተዋለው አንድ ነገር፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚጠብቀው አለመናሩን ነው። እህሉ እያለ፣ ሰዉ መግዣ አጣ። ሀብት ነበረው፤ በሚያስፈልገው ቀን ግን ሀብቱ ብር አልሆነለትም።

ለዚህ ነው አክስቴን "ምን ልግዛ?" ስትለኝ "ብሩን መቼ ትፈልጊዋለሽ?" ያልኳት። በሚቀጥለው ወር የምትፈልገው ብር በግ መሆን የለበትም። ከአምስት ዓመት በኋላ የምትፈልገውም ደብተር ውስጥ መተኛት የለበትም።

(ምስል፦ ስልክ ላይ የተከፈተ መተግበሪያ፣ "አክሲዮን" የሚል ቁልፍ።)

አክሲዮን ለሩቅ ብር ነው። አክሲዮን ማለት የአንድ ድርጅት ቁራሽ ባለቤትነት ነው። ድርጅቱ ካተረፈና ለማከፋፈል ከወሰነ የትርፍ ድርሻ ይሰጣችኋል። ካላተረፈ ምንም የለም። ማንም "እርግጠኛ ትርፍ" ሊላችሁ አይችልም፤ ካለ ዋሽቷል።

ከቅርቡ እንውሰድ። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር ለሽያጭ አቀረበ። ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት አይቻልም ነበር፤ 9,900 ብር መሆኑ ነው። ሽያጩ በቴሌብር ስለነበር ከሐይቅም ከወልድያም ቁጭ ብሎ መግዛት ይቻል ነበር። የካቲት ላይ ሲዘጋ 10.7 ሚሊዮን ገደማ አክሲዮን ተሽጦ ነበር፤ ገዢዎቹም ከ47 ሺህ በላይ ነበሩ። በዚያው ዓመት ጥር 2 ቀን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ድርጅት ወጋገን ባንክ ነው። ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? ከዚህ በፊት አክሲዮን መግዛት ቀላል፣ መሸጥ ጭንቅ ነበር። ገዢ ራስህ ትፈልጋለህ፣ ትደራደራለህ፣ ወረቀት ይዘህ ትመላለሳለህ። ገበያው እየጠነከረ ሲሄድ መውጫው በር ይሰፋል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። ለጊዜው ግን በሩ ገና ጠባብ ነው፤ የቸኮለ ብር አይግባበት።

እኔም ተቃጥያለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት "በምሥረታ ላይ ነው" ለተባለ አንድ ድርጅት 10 ሺህ ብር ከፍዬ ነበር። አዳራሹ ያምራል፣ ሻዩም ብስኩቱም ነበረ። የአገልግሎት ክፍያ የተባለውን ጨምሬ ከፈልኩ። ድርጅቱ አልተመሠረተም። ስልኩ መጀመሪያ "እንደውልልዎታለን" ይል ነበር፤ ኋላ መጥራቱንም ተወ። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ እተርፍ ነበር፦ ይህን አክሲዮን ለሕዝብ እንድትሸጡ ማን ፈቀደላችሁ? ዛሬ ፈቃጁ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ በ2013 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው የተቋቋመው። ፈቃዱን አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም።

የግምጃ ቤት ሰነድ የሚባልም አለ። ለመንግሥት ማበደር ነው። የ28፣ የ91፣ የ182 ወይም የ364 ቀን ይሆናል። በቅናሽ ትገዙታላችሁ፣ ቀኑ ሲደርስ ሙሉውን ትቀበላላችሁ፤ ልዩነቱ ትርፋችሁ ነው። ለአክስቴ 60 ሺህ አልመከርኩም። እንዲያው ስሙን ስትሰሙ እንዳትደናገጡ ብዬ ነው።

(ምስል፦ የቴሌግራም ግሩፕ፣ "በቀን 3 በመቶ!!!" የሚል መልእክት።)

ይቺን ደግሞ የአክስቴ ልጅ ነው ያመጣት። "በቀን 3 በመቶ ይከፍላል፣ ጓደኛዬ ተቀብሏል" አለ። ካልኩሌተር አወጣሁ። 60 ሺህ ብር በቀን 3 በመቶ እየተደመረበት ዓመት ቢቆይ ከ2.9 ቢሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ቢሊዮን! ከ24 ቀን በኋላ እጥፍ፣ እያለ እያለ። እንዲህ የሚያተርፍ ሰው የኛን 60 ሺህ ምን ሊያደርግለት ነው? ጓደኛው የተቀበለው እውነት ነው። የተቀበለው ከኋላው የገባውን ሰው ብር ነው። ይህ ፒራሚድ ይባላል፤ በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው። ልጁ ትንሽ አኩርፎኛል። አብሽር፣ ይበርድለታል።

(ምስል፦ አራት ክምር ብር ጠረጴዛ ላይ።)

እና አክስቴ ምን አደረገች? 20 ሺውን ባንክ ከወለድ ነጻ አስገባችው። የአራት ዙር እቁብ መክፈያ ነው፤ ሱቋ ቢቀዘቅዝ እንኳ ዳኛው ፊት አታፍርም። 3 ሺህ ብር ቤት፣ የት እንዳስቀመጠችው አልነገረችኝም። በግና ለመኖው 15 ሺህ። አልተውም አለች፤ አንድ በግ ብቻ ግን፣ ሦስት ብላ ነበር የተነሳችው።

የቀረውን 22 ሺህ እኔ አክሲዮን ልላት አስቤ ነበር። እሷ ግን ሥራዋ በርበሬና ሽሮ ነው። "ዛላው አሁን ርካሽ ነው፣ ለፋሲካ ይወደዳል። ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር የለኝም" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ማንም ባንክ የማያውቀውን የዚያን ገበያ ዋጋ በወር በወር ታውቀዋለች።

አሁን ዛላው በማዳበሪያ ተሞልቶ ጓዳ ውስጥ ተደርድሯል። ትናንት ልጠይቃት ሄጄ ከበሩ ሳልገባ ማስነጠስ ጀመርኩ። እሷ ለምዳዋለች። በጉም ደጅ ላይ ሆኖ ያስነጥሳል።