ጎርፍ የበላውን የሳይክል መንገድ እንዴት እንጠግነዋለን?

(ምስል፦ ጎንደር፣ ከቁስቋም በላይ፣ በባሕር ዛፍ መሃል ቁልቁል የሚወርድ ቀጭን መንገድ። መሃሉ ተቦርቡሯል።)

ይህ የምታዩት ቦረቦር ግንቦት ላይ አልነበረም። ግንቦት ላይ እዚህ ጋ ፍሬን ሳንነካ ነበር የምንወርደው። አሁን መስቀል አልፏል፤ ጉድጓዱ ጉልበቴ ላይ ይደርሳል። ማን ቆፈረው ብትሉኝ፣ ክረምቱ ነው።

የጎንደር ዝናብ ተጠራቅሞ ነው የሚመጣው። ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ለወራት ዝም ይላል። ስለዚህ እዚህ አገር የማውንቴን ባይክ መንገድ መጠገን ማለት፣ ከሞላ ጎደል፣ ውሃን መንገድ ማስያዝ ማለት ነው። ጎማ መንገድ አያበላሽም አልልም። ያበላሻል። ግን ጎማ የጫረውን ቦይ የሚያደርገው ውሃ ነው።

(ምስል፦ ከላይ የታየ ኮረብታ። ቀጥ ብሎ የሚወርድ አሮጌ መስመር።)

ጥፋቱ የእኛ ነበር። መጀመሪያ ይህን መንገድ ስናወጣ ቀጥታ ቁልቁል ለቀቅነው። ፍጥነት ፈልገን ነው፤ ልጅነትም አለበት። በመጀመሪያው ክረምት ውሃው እንደ አሸንዳ ተጠቀመበት። ከታች የጤፍ ማሳ ያላቸው አንድ አባት ነበሩ። ከላይ የወረደው አፈራችን የማሳቸውን ጥግ ሸፍኖታል። ሄደን ይቅርታ ስንጠይቅ አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ውሃውን ለምን ሰብስባችሁ ላካችሁብኝ?» አሉን። ከዚያ ይዘውን ሄደው እርከናቸውን አሳዩን።

እውነቱን ለመናገር፣ የሳይክል መንገድ ሥራ የገባኝ እዚያ እርከን ላይ ቆሜ ነው። እርከን ኮረብታውን ወደ ጎን ይቆርጠዋል እንጂ አብሮት አይወርድም። የሳይክል መንገድም እንደዚያው ነው።

በዓለም ዙሪያ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች የሚይዙት አንድ ልክ አለ። የመንገዱ ቁልቁለት፣ የኮረብታውን ቁልቁለት ግማሽ ማለፍ የለበትም። ኮረብታው በ10 ሜትር ውስጥ 3 ሜትር ከወረደ፣ መንገዱ በ10 ሜትር ከ1 ሜትር ተኩል በላይ አይወርድም። ካለፈ ውሃው መንገዱን አቋርጦ መሄዱን ይተውና መንገዱን ይዞ ይወርዳል። በአማካይ ደግሞ በ10 ሜትር 1 ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ግንበኞች የሚይዟት ውሃ የተሞላች ግልጽ ቱቦ ትበቃለች። ሁለት ሰው፣ ሁለት እንጨት፣ አንድ መለኪያ ሜትር።

(ምስል፦ ዶማ የያዘ እጅ የመንገዱን ውጪኛ ጠርዝ ሲንድ፣ በቅርበት።)

ይህ የዓመቱ ዋና ሥራ ነው፤ አሰልቺውም እሱ ነው። መንገዱ ወደ ገደሉ በኩል ትንሽ ማዘንበል አለበት። አንድ ሜትር ስፋት ካለው፣ ውጪኛው ጠርዝ ከውስጠኛው 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ይበል። ሲሠራ እንዲያ ነበር። ግን ጎማና ኮቴ መሃሉን ይጠቀጥቁታል፤ የተፈናቀለው አፈር ደግሞ ጠርዙ ላይ ይከመራል። ሳናውቀው ግድብ ሠራን ማለት ነው። ውሃው ይታሰርና መሃል ለመሃል ይወርዳል። መፍትሔው ያንን ክምር በዶማ ንዶ ማዘንበሉን መመለስ ነው። የዝላይ ጉብታ የሚሠራ ልጅ ሞልቷል፤ ጠርዝ የሚንድ ግን ለምኖም አይገኝ።

ሁለተኛው ነገር ስምጥ ነው። መንገዱ ሲወርድ ቆይቶ ለትንሽ ርቀት መልሶ ይወጣል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ውሃ ዳገት አይወጣምና ዝቅተኛው ቦታ ላይ ወደ ጎን ይወጣል። ከ10 እስከ 15 ሜትር ባለው ርቀት አንድ አንድ ስምጥ ካለ ውሃው ጉልበት ሳያገኝ ይበተናል። ለጋላቢውም ደስ ይላል፤ ሆድን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ያቺ ትንሽ ማዕበል ማለት ናት። መውጫዋ በደለል ሲደፈን ግን በአካፋ መጥረግ አለባት።

(ምስል፦ ኩርባው። ውጪው ከፍ ብሎ የታቀፈ፣ ግማሹ የፈረሰ።)

አሁን ሁሉም ወደሚወደው። ይህን ውጪው ከፍ ያለ ኩርባ እኛ «እቅፍ» እንለዋለን። ሳይክሉን አቅፎ ስለሚያዞር ነው። ዘንድሮ ግማሹ ሄዷል። ለምን ሄደ? ከበላዩ የመጣ ውሃ እቅፉ ውስጥ ተኝቶ ስለከረመ። ስለዚህ እቅፉን ከመንካታችን በፊት ከኩርባው በላይ ስምጥ ቆፈርን። ይህን ያልቀደመ ሰው በሚቀጥለው መስከረም ያንኑ አፈር ያንኑ ቦታ ይከምራል።

የአፈር ምርጫ ላይ ሰነፍ አንሁን። ዋልካ አይሆንም። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር፣ ጠጠር ጣል ጣል ያለበት፣ እሱ ይሻላል። ሣርና ሥሩ ያለበት የላይኛው አፈር ይገፈፍና ለብቻው ይቀመጥ። በመጨረሻ የእቅፉ ጀርባ ላይ ብንመልሰው ሣር ያበቅልና ይይዝልናል።

(ምስል፦ እጅ ውስጥ የተጨበጠ አፈር። ጣቶች ሲከፈቱ አፈሩ ቅርጹን ይዞ ይቀራል።)

እንዲህ ነው የሚለካው። ጨብጡት። ከተበተነ ደርቋል፤ ውሃ አርከፍክፉበት። በጣቶች መሃል ከፈሰሰ ጭቃ ነው፤ ተዉትና ነገ ኑ። የእጃችሁን ቅርጽ ይዞ ከቀረ አሁኑኑ ጀምሩ። ለዚህ ነው ከመስቀል በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የሚወደዱት። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ዝናቡ ግን ሄዷል። ኅዳር ላይ ጀምራችሁ ጀሪካን ስትሸከሙ ይገባችኋል።

አሮጌውን ገጽ በዶማ ጫር ጫር አድርጉት፣ አርጥቡት። ለስላሳ ላይ የተለጠፈ አፈር እንደ ቅርፊት ይላጣል። ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሩ፣ ጠቅጥቁ። እንደገና 10፣ እንደገና ጠቅጥቁ። አንዴ ከምሮ ከላይ መደብደብ ላዩን ያጠነክራል፤ ውስጡ ጥጥ ነው።

ለዝላዩም ያው ነው። እሱ ላይ አንድ ጉድ ሠርተን ነበር። አፈር መሸከም ሰልችቶን ውስጡን በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና በሣር ሞላነው፤ ከላይ አፈር አልብሰን አሳመርነው። ፎቶ ሁሉ ተነሣንበት! ቅርንጫፉ ሲበሰብስ መሃሉ ሰመጠ፤ ለጓደኛችን የእጅ አንጓ ስብራት አተረፈለት። አሁን ሙሌቱ ድንጋይና አፈር ብቻ ነው። ማረፊያውም ወደ ታች ያዘነብላል። ሜዳ ላይ ማረፍ ጉልበት ይሰብራል።

የማይድን ረባዳ ቦታ ካለ ድንጋይ አንጥፉበት። ከተማ ውስጥ ኮብልስቶን ሲነጠፍ አይታችኋል? እንደዚያ ድንጋዩ ተጠጋግቶ፣ ተቆልፎ ይቀመጣል። የእኛ ድንጋይ ግን ትልቅ ነው፤ አብዛኛው አካሉ መሬት ውስጥ ይቀበር። ለዚህ ሥራ ድጅኖ ያስፈልጋል፣ ጀርባም ያስፈልጋል።

ድንጋይ ካነሣን፦ ከግንቡ ፍርስራሽ አካባቢ አንዲት ጠጠር እንዳትነሣ። ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የጎንደር ቅርሶች አንዱም ነው። መሬት ላይ የወደቀው ድንጋይም ቅርስ ነው። መንገዱም ከዚያ ራቅ ብሎ ይለፍ።

መንገዱ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ፤ አህያ አለ፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አለ። ስለዚህ ዝላይ ከማይታይ ኩርባ በኋላ አይሠራም፤ በጎኑ ሜዳ መተላለፊያ ይኑረው። ዝናብ ዘንቦ ጎማችሁ አንድ የጣት አንጓ ከሰመጠ ደግሞ ሳይክሉን አዙሩና ሻይ ጠጡ።

(ምስል፦ ሐምሌ። ዝናብ። ሁለት ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ኩርባው ላይ ቆመዋል።)

ይህ ባለፈው ሐምሌ ነው። በዝናብ መሃል ያለ ሳይክል እንወጣለን፤ ውሃው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚወጣ እናያለን። ያየነውን ቦታ በካስማ ምልክት እናደርጋለን፤ መስከረም ላይ የምንቆፍረው እዚያ ነው። አንዲት እናት እንጨታቸውን እንደተሸከሙ ቆም ብለው «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን።

«ውሃ እያየን ነው፣ እማማ።»

ሰማዩን አዩት። እኛን አዩን። ምንም ሳይሉ ወረዱ።